የፎርፌው ሻምፒዮን

የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን በአንድ ምት መሬት ላይ የዘረረ ሰው ካስፈለገ፣ ከቡራዩ ሰበታ፣ ከሰበታ ሱሉልታ ቢዞር የሚገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሰውየው እንደተገነደሰ ባህር ዛፍ ነው የወደቀው። መሬቱ ሲነቃነቅ የገፈርሳ ግድብ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ተናወጠ፤ ያን ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ የከፈተ ሁሉ ድፍርስ ውሃ ቀዳ።

እርግጥ የመታሁት በእጄ አይደለም፤ በአይሱዙዬ የኋላ ስፖንዳ ነው። እርግጥ ያን ጊዜ ሻምፒዮንም አልነበረም፤ ጫኝና አውራጅ ነበር። እኔ ያኔም አሁንም አጣና አመላላሽ ሾፌር ነኝ፤ ከገፈርሳ ጀርባ ካሉት የባህር ዛፍ ማሳዎች እጭናለሁ፣ ቤት በሚሠራበት ሁሉ አራግፋለሁ። የስፖንዳው መቀርቀሪያ ከተሰበረ ከርሞ ስለነበር በሽቦ ነበር የማስረው። ያን ዕለት ሽቦውን ስፈታ ከበታቹ ሰው መቆሙን ልብ አላልኩም። ያ ሁሉ እንጨትና ብረት ዘጭ ብሎ አናቱ ላይ ወረደ። «ገደልኩ!» ብዬ ስዞር ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ አናቱን ይዳብሳል። ተነሣ። ስፖንዳውን በአንድ እጁ አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰና፣

«ጋሼ፣ መኪናህ ተጎዳ እንዴ?» አለኝ።

ይህ አናት አጣና ሲሸከም መኖር የለበትም ያልኩት ያኔ ነው።

የሱሉልታ ልጅ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ሯጭ እንጂ ቡጢኛ አታበቅልም። ጠዋት ጠዋት እንደ ክር የቀጠኑ ልጆች በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው የሚሮጡባት ከተማ ናት። እሱም በልጅነቱ ሩጫ ሞክሮ ነበር። አሰልጣኙ አንድ ቀን አይቶት፣ «አንተ ልጅ፣ ከኋላ ስትመጣ ሌሎቹ መኪና መስሏቸው ከመንገድ እየወረዱ ነው» ብሎ አሰናበተው ይባላል። ይባላል የምለው፣ የሚለው እኔ ስለሆንኩ ነው። ቤተሰቦቹ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ላም ያረባሉ፣ ድርቆሽ ይሸጣሉ። አባቱ ካረፉ በኋላ መሬቱ ለወንድማማቾች ሲከፋፈል የደረሰው አንድ በሬ ዞሮ የማይተኛበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቡራዩ ወርዶ አጣና መጫን ጀመረ። እኔም አናቱን አገኘሁት።

ቡራዩ ውስጥ የቡጢ ክለብ ነበር። ክለብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ክረምት ያፈሳል፣ በጋ ይጠብሳል። የልብስ ማስጫ በሚመስል ገመድ የታጠረ ሪንግ አለው፤ ከጣሪያው ላይ ሰጋቱራ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ተንጠልጥሏል። አሰልጣኝም ነበረው፤ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ሄደ። ቦታው ክፍት ሲሆን እኔ ገባሁበት። ስለ ቡጢ ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ከክለቡ ሰዎች መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ከዚህ በፊት ያለው መንደርደሪያ ነው።

በዚህ አገር ቀላል ሚዛን ወረፋ አለው። በየሰፈሩ ቀጭንና ግልፍተኛ ልጅ ሞልቷል፤ ጓንት ቢጠፋ ባዶ እጁን ይገጥማል። ከባድ ሚዛንስ? ከባድ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ግን አለቃ ሆኗል። ወንበር ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ ተነሥቶ ቡጢ ሊገጥም አይመጣም። ስለዚህ የእኔ ሰው የመጀመሪያ ውድድሩ ዕለት ቫዝሊኑን ተቀብቶ፣ የጥርስ መከላከያውን ነክሶ፣ ጓንቱን አስሮ ሪንግ ላይ ወጣ። በወዲያኛው ጥግ ማንም አልነበረም። ተጋጣሚው ታሟል ተባለ። ደወል ተመታ፤ ዳኛው ባዶውን ጥግ አየ፣ እኛን አየ፣ የእኔን ሰው እጅ አንሥቶ «ፎርፌ!» አለ። ጭብጨባ እንኳ በወጉ አልነበረም። ከሪንግ ሲወርድ አንድ ጠብታ ላብ አልነበረበትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና ሳቅን። በሁለተኛው ዓመት ተጋጣሚው ደርሶ ነበር፤ የእኔን ሰው ከሩቅ አይቶ ሽንት ቤት ገባና እስካሁን አልወጣም። በሦስተኛው ዓመት ጭራሽ በከባድ ሚዛን የተመዘገበ ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከዓመት ዓመት ሜዳሊያ ላይ ሜዳሊያ፣ በላዩ ላይ ቀበቶ ተጨመረለት፤ ሁሉም በፎርፌ። ብረቱን ሁሉ እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። በዓለም ላይ አንድም ቡጢ ሳይቀምስ ዕድሜውን ሙሉ ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ሰው ካለ አምጡልኝ፤ እኔ የስፖንዳዬን ሽቦ እበላለሁ።

ዝናው ግን ወጣ። ዝና ነው ካላችሁት። ቡራዩ ታክሲ ተራ ሲደርስ ረዳቱ ገና ከሩቅ ይጀምራል፦

«ኧረ ሻምፒዮን! ግባ ግባ! ሌላው ተሳፋሪ በፎርፌ ቀርቷል፣ መኪናው ያንተ ነው!»

ወጣቶቹ ቲክቶክ ላይ አንዱ ብቻውን ይቆምና የራሱን እጅ ያነሣል፤ ያንን «ፎርፌ» ብለው ይለቁታል። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛም መጥቶ ማይክራፎኑን አፉ ላይ ደቅኖ፣ «ሻምፒዮን፣ ተጋጣሚዎን ያሸነፉት በምን ስልት ነው?» አለው። የእኔ ሰው ትንሽ አሰበና፣ «በመምጣት» ሲል መለሰ። ጋዜጠኛው እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ያን ዕለት ማይክራፎኑን ላስውጠው ምንም አልቀረኝም። ምን ያስቃል? ሰውየው እኮ እውነቱን ነው የተናገረው! ንጋት ላይ ተነሥቶ ከቡራዩ ገፈርሳ ደርሶ መልስ የሮጠ እሱ፤ አጣና ሲጭን ውሎ ማታ ጆንያ ሲደበድብ ያመሸ እሱ፤ የተባለበት ቀን የተባለበት ቦታ የተገኘ እሱ። የቀሩት ምንም አልተባሉም። የመጣው ነው መሳቂያ የሆነው። በዚህ አገር መምጣት ነውር ነው ማለት ነው?

እሱ አይናደድም። ይህም ያናድደኛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጓንቱን እየፈታ፣ ሳያየኝ፣

«ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ጆንያ መምታት ነው» አለኝ። «ጆንያ ደግሞ አይመልስም። ሰው ሲመታኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ልሸሽ እችላለሁ፤ ልበረታም እችላለሁ። ሳላውቀው ማቆም አልፈልግም።»

ይኸው ነው። ከዓለም ላይ የፈለገው አንድ ነገር፣ ያውም መመታት። ይህን እንኳ ማግኘት አቃተው።

አምና አዘጋጅ ኮሚቴው፣ «ከዚህ ውድድር በኋላ ዕድሜህ አይፈቅድም፤ የመጨረሻህ ነው» አለው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ማዳበሪያ የሚጭን፣ ከደቡብ የመጣ አንድ ወጣት በከባድ ሚዛን መመዝገቡን ሰማን። ሄጄ አየሁት። በር ሲገባ ትከሻው ቀድሞ ገብቶ ሌላው ሰውነቱ ማግስቱን ይከተላል። አይታመምም፣ አይሸሽም፣ ሽንት ቤትም አይገባም። ደስታዬን አልችለው ብዬ እዚያው ላቅፈው ስሞክር ክንዴ ግማሹ ላይ አለቀ።

ከዚያ የውድድሩ ቀን ተለጠፈ። በሁዳዴ እኩሌታ። ዓርብ ቀን።

የእኔ ሰው ጾመኛ ነው። እንደኔ ያለ፣ አሳ ይበላል አይበላም እያለ ሲከራከር የሚውል ጾመኛ አይደለም። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል መተው የሁላችንም ነው፤ እሱ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም በአፉ አይዞርም። በየዓመቱ በሁዳዴ እንደ በረዶ እየሟሸሸ ለፋሲካ ግማሽ ሰው ሆኖ ይደርሳል። የዓለም ቡጢኛ ሁሉ ኪሎ ለመቀነስ ይሰቃያል፤ የእኛ ጭንቀት የሚያስፈልገው ኪሎ እንዳይጎድልበት ነው። ከባድ ሚዛን ውስጥ ለመግባት ከባድ መሆን ያስፈልጋላ!

ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄድኩ።

«ኦቦ ሰብሳቢ፣ ቀኑን ከፋሲካ በኋላ አድርጉልን።»

«ስፖርት ሃይማኖት የለውም» አለኝ።

«ስፖርት የለውም፤ ስፖርተኛው ግን አለው።»

«እኔም እጾማለሁ እኮ! አየኸኝ ስከሳ?»

አላየሁም። ጠረጴዛው ላይ ባለ ዘይት ተጋቢኖ፣ ከጎኑ የእንጀራ ክምር፣ ከኋላው ሰብሳቢው። ጾሙ በጥሩ ሁኔታ ይዞታል። እንዲህ ያለ ሰው ነው ለሌላው ረሃብ ቀን የሚቆርጠው። ወጥቼ በሩን በኃይል ወረወርኩት፤ መጋረጃ ነበር፣ ድምፅ አልሰጠም።

እሺ፣ ኪሎውን በጾም ምግብ እንጠብቃለን አልን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያልጎረሰው የለም። ድንች በጆንያ። ቦሎቄ። ሱፍ ፍትፍት። በዘይት የራሰ ገንፎ። ተልባ በባልዲ። አንድ ሰው ደግሞ የለውዝ ቅቤ ሥጋን ያስንቃል ሲለኝ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ገዝቼ ቅዳሜ ዕለት ሱሉልታ፣ እናቱ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜና እሑድ እዚያ ነው የሚውለው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ!»

«ፈያ፣ ፈያ። ግባ። ይህ ምንድነው?» አሉኝ ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃን እያነሡ።

«ለልጅዎ ነው። የለውዝ ቅቤ ነው።»

ብልቃጡን ቀስ ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ምን አልከኝ?»

«ኧረ አንቱ፣ የጾም ነው! ለውዝ ነው እኮ፤ ተፈጭቶ ነው።»

«ለውዝ ከሆነ ለውዝ በለዋ። ቅቤ እዚህ ምን አገባው?»

«ስሙ ብቻ ነው…»

«ስሙማ! አንተንስ በስምህ አይደል የምንጠራህ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዳዳ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ቅቤ ማለታቸው ነው። «በሁዳዴ ዳዳ ይዞልህ መጣ ይህ ሰው!»

«እናቴ ይስሙኝ፤ ቅቤ ከላም ነው። ለውዝ ላም አላት? የምትታለብ ለውዝ አይተዋል?»

«እኔ አላየሁም፤ አንተ ያየህ ትመስላለህ።»

ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብላቸው ለልጃቸው ሰጠሁት። አነበበ። ጽሑፉም ቅቤ ነው የሚለው! ይህን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው እኔ ራሴ ነበርኩ የምገጥመው፤ ያለ ጓንት። ለውዝ ድቁስ ቢለው ምን ነበረበት? ለውዝ ልውስ ቢለው? አንዲት ቃል፣ አንዲት የተረገመች ቃል፣ ጉልበት ሊሆን የመጣውን ምግብ ርኩስ አደረገችው።

የእኔ ሰው ብልቃጡን መለሰልኝ። «ጋሼ፣ እኔ የጾም መሆኑን አውቃለሁ። ግን እሷ ቅቤ በላ ብላ እያሰበች አላድርም።»

ብልቃጡን ከሱሉልታ ቡራዩ ስመለስ መሪውን በአንድ እጅ ይዤ በጣቴ ጨረስኩት። ርቦኝ አይደለም፤ በንዴት ነው።

የክለቡ ሚዛን የተሰበረው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የምንመዝነው ቡራዩ ያለው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር። እህል የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ ዱቄቱን ጠርገን እናቆመዋለን። ባለወፍጮው ከጆንያዎቹ መካከል አንገቱን አውጥቶ፣ «ኧረ ይህ ሰው ጾሙ ተስማምቶታል!» ይላል። እውነትም መርፌው ከሚፈለገው አልፎ ይቆማል። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ትንሽ ወረደ፣ ግን ገና ከባድ ነው። ሌላ ሳምንት፤ ያው። እኔ ሰፈሩን እየዞርኩ ጾምን የረታሁ አሰልጣኝ ነኝ እያልኩ አወራሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ያ ወፍጮ ቤት የሚያስከፍለው በኪሎ ነው። ከቤት መዝናችሁ የሄዳችሁት ጤፍ እዚያ ሲደርስ ወልዶ ይጠብቃችኋል። ይህን ቡራዩ የማያውቅ የለም። ሴቶቹ በየጠዋቱ ከባለወፍጮው ጋር የሚጣሉት በዚሁ ሚዛን ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ «ሌባ» ብዬዋለሁ! እህሌን ሲመዝን ሌባ ያልኩትን ሚዛን፣ ሰው ሲመዝን አመንኩት። ደስ የሚል ውሸት ሲነግረኝ ጊዜ ሌብነቱ ጠፋብኝ።

ዓርብ ጠዋት ውድድሩ ያለበት ሰበታ ደረስን። የኮሚቴው ሚዛን ቁጥር የሚያበራ አዲስ ዕቃ ነው። የደቡቡ ልጅ ወጣበት፤ ሚዛኑ አቃሰተ፤ አለፈ። የእኔ ሰው ወጣ። ቁጥሩ በራ። ሁለት ኪሎ ይጎድላል።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል!» ብዬ ጮህኩ። «ቡራዩ አምጥታችሁ አስጠግኑት! ትናንት ከባድ የነበረ ሰው ዛሬ እንዴት ይቀላል?»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ሚዛን የሚዘጋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሞልታችሁ ኑ።»

ሁለት ኪሎ! ሁለት ኪሎ ምንድነው? ሁለት ሊትር ውሃ ነው! ከሱቅ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ገዝቼ እየሮጥኩ መጣሁ። የእኔ ሰው ከአይሱዙው ጀርባ፣ የባህር ዛፍ ልጥ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠርሙሱን አየ። እጁን አልዘረጋም።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ውሃ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«የጠበቅከው ሰው ይኸው መጣልህ! ዕድሜህ አልቋል! ይህን ካጣህ ሌላ የለም! ውሃ ምን ሥጋ አለው? ውሃ ታልቧል? ውሃ ታርዷል?»

«ጾም ሥጋ አለመብላት ብቻ ቢሆን ላም ጻድቅ ነበረች» አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ? ድንጋይ ቁምጣህ ውስጥ ልክተት አልኩት። «ጋሼ፣ ሁዳዴ ነው» አለኝ፤ እንደ ታናሽ ወንድሙ እየገሠጸኝ። ተንበረከኩ። እውነቴን ነው፣ ሰበታ መሀል ከተማ፣ ጠርሙስ ይዤ ለአንድ ጫኝና አውራጅ ተንበረከኩ። ጉንጬን መታ መታ አድርጎኝ ዞር አለ። ጓንቱን ግን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይዞ ነበር። ያ ነው የገደለኝ። ግድ የሌለው ሰው ቢሆን ጠርሙሱን አናቱ ላይ ሰብሬ በሄድኩ። ግድ ነበረው።

ወደ ሰብሳቢው ተመለስኩ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ጠብቁን። ዘጠኝ ሲል ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይሞላል። ግጥሚያው ማታ አይደል?»

«ደንብ ደንብ ነው።»

«ደንቡ ስንት ዓመት ሙሉ የት ነበር? ተጋጣሚ ሳታመጡለት እጁን እያነሣችሁ ስትሸኙት የት ነበር ደንቡ?»

«ጋሼ፣ አትጩህብኝ። ፎርፌ ለሱ ሲሆን ጥሩ፣ በሱ ላይ ሲሆን መጥፎ?»

ሁለቱን ጠርሙስ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና ሪንጉ ሥር ሄጄ ቆምኩ።

ማታ ድረስ እንኳ አልጠበቁም። እዚያው ልጁን ሪንግ ላይ አውጥተው ቀበቶውን ይዘው ቀረቡ። ሰብሳቢው የልጁን እጅ ሊያነሣ ያዘው። እጁ አልተነሣም። ደግሞ ሳበው። የማዳበሪያ ጫኝ እጅ ነው፤ ካልፈለገ በክሬንም አይነሣ።

«አባቴ፣ እኔ አለቃዬን ሳምንት ሙሉ ለምኜ ፈቃድ የወሰድኩት እጄን ለማስነሣት አይደለም» አለ ልጁ። «እጄንማ እዚያው ፋብሪካ ራሴ አነሣለሁ።»

ቀበቶውን ጫኑበት። በግድ ሻምፒዮን አደረጉት። ከአዳራሹ ሲወጣ ቀበቶውን እንደ ሞተ ዶሮ አንጠልጥሎ ወደ አይሱዙዬ መጣ። ከእኔ ሰው ፊት ቆመ። አንዱ ጴንጤ፣ አንዱ ኦርቶዶክስ፤ አንዱ ቁርሱን እንቁላል በልቶ የመጣ፣ አንዱ ምራቁን የሚውጥ።

«ወንድሜ፣ ሰዓትህ ስንት ነው?» አለ ልጁ።

«ዘጠኝ።»

«እጠብቃለሁ።»

በቃ። ኮሚቴ የማይችለውን ነገር በሁለት ቃል ጨረሱት። እኔ ሰውን ሁሉ ስሰድብ ስውል መፍትሔው እንዲህ አጭር መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

የልጁ የአገር ልጆች ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ፉሪ ላይ አንድ ፎቅ እየሠሩ ነበር። የምድር ቤቱ ወለል ኮንክሪት ተሞልቶ ደርቋል፤ አራት ምሰሶዎች ቆመውበታል፣ ከአናታቸው ፌሮ ወጥቷል። ሁላችንንም በአይሱዙ ጭኜ ወሰድኩ። በምሰሶዎቹ ዙሪያ የአጣና ማሰሪያ ገመዴን ሦስት ዙር ጠመጠምንበት። ወለሉ ላይ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አነጠፍን። ከክለባችን ሪንግ ይሻል ነበር ብል አታምኑኝም፤ ይሻል ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል የእኔ ሰው አማተበና ያንኑ ጠርሙስ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከመንገድ ዳር ሽሮ አመጣንለት። እስኪረጋለት ድረስ ሁሉም ጠበቀው። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው፣ ከፉሪ ማሳ የሚመለሱ ገበሬዎች በሬያቸውን አቁመው። ማንም «ፎርፌ» አላለም።

የፎቁ ሠራተኞች ፎርማን የመሀል ዳኛ ሆነ። ነጥብ የሚይዝ ዳኛ ሲፈለግ ሁሉም እኔን አየ፤ ደንብ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሲጮህ የዋለም እኔ ነኝ። ምሰሶው ሥር ቆምኩ። ልጁ ጮክ ብሎ ጸለየ፤ ለራሱም ለተጋጣሚውም። የእኔ ሰው አማተበ። በደወል ፈንታ ፌሮ በፌሮ ተመታ።

ልጁ ነው የሰነዘረው። ጆንያ ሲመታ የማውቀው ድምፅ አለ፤ ደረቅ ነው፣ ምንጣፍ እንደማራገፍ። ይህ እርጥብ ነበር። የእኔ ሰው አፍንጫ ላይ ነው ያረፈው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛውን አልሄደም።

ሦስት ዙር ሲያልቅ ተቃቅፈው ቆመው ነበር። የእኔ ሰው አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፣ አገጩ ላይ ደም ደርቋል፤ ከአዲስ ሙሽራ በላይ ያምርበታል። የልጁም ከንፈር ተሰንጥቋል። ገበሬዎቹ ያፏጫሉ፣ ሠራተኞቹ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ። የእኔ ሰው ወደ ምሰሶው መጣ።

«ጋሼ፣ አልሸሸሁም አይደል?»

«አልሸሸህም።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ልጁም ቀና ብሎ ጠበቀ።

«አቻ!» አልኩ።

ጭብጨባው ሰበታ ተሰማ። ሁለቱም ሳሙኝ። ፍርዴን እስከ ዛሬ ያልተቀበለ የለም፤ እንዴት ያለ ሚዛናዊ ዳኛ ነው ይሉኛል።

ከመጀመሪያው ቡጢ በኋላ ፊቴን ወደ ምሰሶው አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ነበር። ግጥሚያውን አላየሁትም።